ጥቁሩ አሸዋ፦ የዶሮቲ ሆጅኪን ሕይወት



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቅረብ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የመረጥናቸው ሴት እንግሊዛዊት ናቸው። ለምን የራሳችንን ሰው አልመረጣችሁም የሚለን አይጠፋምና ምክንያታችንን አስቀድመን እንናገር።

ክረምቱ አልፎ ራሃድ ሲጎድል አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችን ከወንዙ ዳር የለቀመችውን ጥቁር አብለጭላጭ አሸዋ በመድኃኒት ብልቃጥ ሞልታ ወደ ቢሮ መጣች። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምንስ ከሌላው አሸዋ እንደሚከብድ ጠየቀችን። የፈተና ወረቀት እያረምን ስለነበር አሸዋውን ደፍታ፣ እጇን ታጥባ ክፍሏ እንድትገባ አዘዝናት። ልጅቷም የታዘዘችውን አደረገች። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄ ይዛ ቢሮ መጥታ አታውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዶሮቲ ሆጅኪንን ታሪክ እንደገና ስናነብ አንድ ነገር ቆም አደረገን። እኚህ ሴት በ13 ዓመታቸው፣ እዚሁ ሱዳን ውስጥ፣ ጥቁር ማዕድን ይዘው ምንነቱን አንድ ትልቅ ሰው ጠይቀው ነበር። ያ ሰው ግን ድፊው አላሉም። ከዚያ መልስ ምን እንደተከተለ ከዚህ በታች ታነባላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከወላጅ ተለይታ ያደገች ልጅ

ዶሮቲ ክሮውፉት ሜይ 12 ቀን 1910 ካይሮ ተወለደች። አባቷ ጆን ክሮውፉት በግብፅ የትምህርት አገልግሎት ይሠሩ ነበር። በኋላ ወደ ሱዳን ተዛውረው የአገሪቱ የትምህርት ዳይሬክተርና የካርቱም የጎርደን ኮሌጅ ኃላፊ ሆኑ። የዛሬው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ የወጣ ነው። እናቷ ግሬስ ክሮውፉት የሱዳንን አበቦች እየሣሉ የመዘገቡ፣ ከሱዳን ሴቶች ዘንድ ቁጭ ብለው መፍተልና መሸመን የተማሩ፣ የተማሩትንም በጥናት መጽሔት ያሳተሙ ሴት ነበሩ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ዶሮቲ ገና የ4 ዓመት ልጅ ነበረች። እሷና ታናናሾቿ እንግሊዝ አገር ከአያቶቻቸውና ከሞግዚት ጋር ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ሥራቸው ባለበት በሱዳን ነበሩ። ጦርነቱ መንገዱን አደገኛ ስላደረገው መገናኘት ብርቅ ሆነ። የእናቷ አራት ወንድሞች ከዚያ ጦርነት አልተረፉም። በየክፍሎቻችን ከተቀመጡት ልጆች መካከል ከወላጅ ተለይቶ ማደግ ምን እንደሆነ ማስረዳት የማያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ በዚህ ላይ አንጨምርም።

ዶሮቲ 10 ዓመት ሲሆናት በአንዲት ትንሽ የትምህርት ቡድን ውስጥ የኬሚስትሪ ሙከራ አየች። በአረብኛ ሸብ የሚባለውንና የመዳብ ሰልፌትን በውኃ አሟምተው አስቀመጡ። ውኃው ቀስ እያለ ሲተን ከታች ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ ፊታቸው የሚያበራ ክሪስታሎች ብቅ አሉ። ማንም አልቀረጻቸውም፤ ራሳቸው ናቸው መልክ የያዙት። ይህ ነገር ከልጅቷ ልብ አልወጣም።

ካርቱም፣ 1923

በ1923 ዶሮቲና እህቷ ጆን ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ካርቱም መጡ። በዚያን ጊዜ በጎርደን ኮሌጅ የዌልካም ምርምር ላቦራቶሪዎች ይገኙ ነበር። ባለሙያዎቹ ለልጆቹ ወርቅ ከአሸዋ እንዴት ታጥቦ እንደሚለይ አሳዩአቸው። ሰሐኑን በውኃ እያሽከረከሩ ቀላሉን አሸዋ ማፍሰስ፣ ከባዱን ከሥር ማስቀረት ነው። ዶሮቲም ወደ ቤት ተመልሳ የወላጆቿን ግቢ አሸዋ በዚሁ መንገድ ታጥብ ጀመር። ወርቅ አላገኘችም። ከሥር የቀረላት ጥቁር አብለጭላጭ ማዕድን ነበር።

ምን እንደሆነ ለማወቅ የወላጆቿ ወዳጅ ወደነበሩት የአፈር ኬሚስት ወደ ዶክተር ኤ. ኤፍ. ጆሴፍ ዘንድ ሄደች። ዶክተር ጆሴፍ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ነበሩ። ቢሆንም መልሱን ነግረው አላሰናበቷትም፤ ኬሚካሎቹን ሰጥተው እሷው ራሷ እንድትመረምር ረዷት። ማዕድኑ ኢልሜናይት ሆኖ ተገኘ፤ ብረት፣ ቲታኒየምና ኦክስጅን የተዋሃዱበት ነው። በኋላም መልክአ ምድር የሚያጠኑ ሰዎች የሚይዙትን ዓይነት፣ የማዕድን ናሙናዎችና መመርመሪያ ኬሚካሎች ያሉበት ሣጥን ሰጧት። ያንን ሣጥን ይዛ እንግሊዝ አገር ስትመለስ በቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ የራሷን ላቦራቶሪ አቋቋመች።

እዚህ ላይ ሳንናገር ማለፍ የማይገባን ነገር አለ። የዚያ ላቦራቶሪ በር ለዶሮቲ የተከፈተው ጠያቂ ስለነበረች ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ዳይሬክተሩ ልጅ ስለነበረችም ነው። በዚያው ዓመት ካርቱም ውስጥ በእሷ ዕድሜ የነበሩ የሱዳን ሴት ልጆች በጎርደን ኮሌጅ አይማሩም ነበር። ሆኖም በአገሩ ይህን የተቃወመ ሰው አልጠፋም። ሼኽ ባቢከር በድሪ ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1907፣ በሩፋዓ ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ከእነዚያ ልጆች ስንቶቹ ጥቁር አሸዋ ይዘው የሚጠይቁት ሰው አጥተው እንደቀሩ ማን ቆጠረ?

ለዶሮቲም ቢሆን በሩ ሁሉ ክፍት አልነበረም። በተማረችበት በቤክልስ ከተማ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የወንዶች ትምህርት ነበር። ተለምና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ብቻ እንድትገባ ተፈቀደላት። 16 ዓመት ሲሞላት እናቷ የሰር ዊልያም ብራግን መጽሐፍ ሰጧት። ብራግ ለወጣቶች ከሰጡት ትምህርት የተዘጋጀ ሲሆን፣ አዲሱ የኤክስሬይ ዘዴ በክሪስታል ውስጥ ያሉትን አቶሞች እንዴት እንደሚያሳይ ያብራራል። ዶሮቲ የሕይወቷን ሥራ እዚያ አገኘችው።

ጨረር ድፍኑን ነገር እንዴት ያነበዋል?

ታሪኩን ለመረዳት ሳይንሱን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ድንጋይን ወይም ሌላ ቁስን ሳይሰብሩ ውስጡን የሚያውቁበት አንዱ መንገድ ብርሃን ወይም ሌላ ጨረር መላክ ነው። ቁሱ የሚውጠውን፣ የሚመልሰውንና የሚበትነውን ጨረር በመለካት ምን እንደያዘ ማወቅ ይቻላል። ይህ ጥበብ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ዶሮቲ የተከተለችው የኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ብራግና ልጃቸው በ1913 የሠሩበት መሣሪያ ራሱ የኤክስሬይ ስፔክትሮሜትር ይባል ነበር።

ማታ ላይ ስስ ሻሽ ወይም የተዘረጋ ጃንጥላ በዓይናችሁ ፊት አድርጉና በሩቅ ያለች ትንሽ መብራት በጨርቁ ውስጥ ተመልከቱ። መብራቷ አንድ ሆና አትታይም፤ በመስቀል ቅርጽ በተደረደሩ ነጥቦች ትከፋፈላለች። ነጥቦቹን የሚሠራው የድርና የማጉ አደራደር ነው። ጨርቁን ስታዞሩት ነጥቦቹም አብረው ይዞራሉ። ሽመናው ይበልጥ ደቃቅ ሲሆን ነጥቦቹ ይራራቃሉ። ስለዚህ ነጥቦቹን የለካ ሰው ክሩን ሳያይ ሽመናውን ማወቅ ይችላል።

ክሪስታል ውስጥ ያሉ አቶሞችም እንደ ድርና ማግ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ የዓይን ብርሃን አያነበውም፤ የሞገድ ርዝመቱ ከዚያ ርቀት ጋር የሚቀራረብ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ኤክስሬይ በክሪስታሉ አልፎ ፊልም ላይ ነጥቦች ይጥላል። ከነጥቦቹ ቦታና ድምቀት ተነሥቶ እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ በስሌት መድረስ ነው። የገበታ ጨው በዚህ መንገድ ከተነበቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከአፋር በግመል የሚወጣው አሞሌ ውስጡ ሲታይ ሶዲየምና ክሎሪን እንደ ዳማ ገበታ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው። ከግራር የምንለቅመው የሀሻብ ሙጫ ግን አቶሞቹ እንዲህ ስላልተሰለፉ የጠሩ ነጥቦች አይሰጥም።

እግራችን ሥር ያለው ዋልካም በዚሁ ዘዴ ተነቧል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በብዛት የያዘው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው። በክረምት ውኃ በገጾቹ መካከል እየገባ ያሳብጠዋል፤ መኪና የሚይዘው ጭቃ ይሆናል። በበጋ ውኃው ሲወጣ ይኮማተርና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ማሽላችንና ሰሊጣችን የሚበቅሉት በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው።

ከባቡር ውስጥ ጨዋታ እስከ ካምብሪጅ

ዶሮቲ በ1928 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሶመርቪል ኮሌጅ ገባች። ከመግባቷ በፊት አባቷ በጀራሽ፣ በዛሬይቱ ዮርዳኖስ፣ በሚያካሂዱት ቁፋሮ የጥንት ቤተ ክርስቲያናት ወለል ላይ ያሉትን የጠጠር ሥዕሎች ትገለብጥ ነበር። እየተደጋገመ የሚሄድ ቅርጽ በትዕግሥት መቅዳት ለኋላ ሥራዋ ጥሩ ልምምድ ሳይሆን አይቀርም።

በ1932 ስትመረቅ የሚቀጥለውን መንገድ ያገኙላት እኒያው የካርቱሙ ዶክተር ጆሴፍ ናቸው። በባቡር ሲሄዱ የካምብሪጁን ፕሮፌሰር ላውሪን አገኙና ስለ ልጅቷ አወሯቸው። ከዚያ ጨዋታ የተነሣ ካምብሪጅ ወዳሉት ወደ ጄ. ዲ. በርናል ላቦራቶሪ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን የአንዲት ልጅ ጥያቄ ያልረሳ ሰው እንዲህ ነው።

በ1934 በርናልና ዶሮቲ ፔፕሲን የሚባለውን የጨጓራ ፕሮቲን በኤክስሬይ አነሡ። ከዚያ በፊት የፕሮቲን ክሪስታሎች እየደረቁ ስለሚበላሹ የረባ ምስል አይገኝም ነበር። እነሱ ክሪስታሉን ከበቀለበት ፈሳሽ ሳያወጡ አነሡትና በነጥብ የተሞላ ፊልም አገኙ። ፕሮቲኖችም እንደ ጨው ሊነበቡ እንደሚችሉ ታወቀ።

መምህርቷና እጆቻቸው

በዚያው ዓመት ዶሮቲ በኦክስፎርድ ማስተማር ጀመሩ። እስካሁን እሷ ስንል የቆየናት ልጅ መምህርት ሆነዋልና ከእንግዲህ እሳቸው ማለት ወግ ነው።

ላቦራቶሪያቸው በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ግማሽ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ማይክሮስኮፑ ከላይ ስለነበረ ውድ ክሪስታላቸውን በአንድ እጅ ይዘው መሰላል ይወጡና ይወርዱ ነበር። የኬሚስትሪ መምህራን የሚወያዩበት ማኅበር ሴቶችን አያስገባም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደው በ24 ዓመታቸው የያዛቸው የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። በኋላም ጠንቶ የእጅና የእግር ጣቶቻቸውን አጣመመ። የሚሠሩት ደግሞ ከጨው ቅንጣት ያነሰ ነገር በጣት የሚያዝበት ሥራ ነው። የኤክስሬይ መሣሪያውን ማብሪያ መጫን ሲያቅታቸው ረጅም ማንሻ አሠርተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1937 የታሪክ ምሁሩን ቶማስ ሆጅኪንን አገቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፔኒሲሊን የቆሰለ ወታደርን ከሞት የሚያድን መድኃኒት ሆኖ ሳለ ሞለኪውሉ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። የሙያው ሰዎችም ይከራከሩበት ነበር። ዶሮቲና ባልደረቦቻቸው በ1945 ክርክሩን ዘጉት። በሞለኪውሉ መካከል ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ተገኘ። ለልጆቻችሁ ከጤና ጣቢያ የምትቀበሉት አሞክሲሲሊን ያንኑ ቀለበት የያዘ ነው።

ቀጥሎ ቫይታሚን ቢ12 መጣ። እጥረቱ ከባድ የደም ማነስ ያስከትላል። በመካከሉ አንድ የኮባልት አቶም ያለበት፣ በጠቅላላው ከ180 በላይ አቶሞች የተያያዙበት ውስብስብ ነገር ነው። በ1948 ጀምረው፣ ካሊፎርኒያ በነበረ ኮምፒውተር ስሌት እየታገዙ፣ በ1956 ፈጸሙት።

የ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለብቻቸው ተሰጣቸው። በኬሚስትሪ ከማሪ ኩሪና ከልጃቸው ከአይሪን ዦሊዮ ኩሪ ቀጥሎ ሦስተኛዋ ሴት ናቸው። ወሬው የደረሳቸው ባለቤታቸው ይሠሩበት በነበረው በጋና ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች ግን ከሳይንስ ሥራቸው ይልቅ የቤት እመቤትነታቸውን በርዕስ አወጡ።

በዚህ አላበቁም። በ1935 የመጀመሪያውን የኢንሱሊን ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። የስኳር በሽተኞችን በሕይወት የሚያኖረው ይህ ፕሮቲን በጊዜው ለነበረው ስሌት እጅግ ከባድ ስለነበር ለብዙ ዓመታት ሊፈታ አልቻለም። እሳቸው ግን አልተዉትም። ቀላሉን እየፈቱ፣ መሣሪያው እስኪያድግ እየጠበቁ፣ ወጣቶችን እያሠለጠኑ ቆዩና በ1969 ኢንሱሊን ተፈታ። 34 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እንደ እሳቸው የኖረበት ሰው አናውቅም።

በመምህርነታቸውም ለተማሪ አያዳሉም ነበር። ካስተማሯቸው መካከል በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ማርጋሬት ታቸር ይገኙበታል። በፖለቲካ አመለካከት ሁለቱ እጅግ ይራራቁ ነበር፤ ታቸር ግን የመምህራቸውን ምስል በጽሕፈት ቤታቸው ሰቅለው ነበር። ዶሮቲ በ1953 አሜሪካ ወደሚደረግ የሳይንስ ስብሰባ ለመሄድ ቪዛ ተከልክለዋል። ከድንበር ላይ በወረቀት ምክንያት መመለስ ታላላቅ ሰዎችንም እንደሚያገኛቸው ከዚህ እንማራለን። እሳቸው ግን በምሥራቅም በምዕራብም ካሉ ሊቃውንት ጋር መገናኘታቸውን አላቋረጡም። ከ1976 እስከ 1988 የኑክሌር ጦርነትን የሚቃወመውን የፓግዋሽ የሳይንቲስቶች እንቅስቃሴ በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ83 ዓመታቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ቤጂንግ ድረስ ሄደው በክሪስታሎግራፊ ጉባኤ ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁላይ 29 ቀን 1994፣ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። በልጅነታቸው ለጎበኟት ሱዳን የነበራቸው ፍቅር ከልባቸው አልወጣም።

ለእኛ

ትምህርት ቤታችን ኤክስሬይ መሣሪያ ቀርቶ ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል የለውም። ይህን ሰበብ አድርገን ብዙ ዓመት ኖረናል። የዶሮቲን ታሪክ ስናነብ ግን ዶክተር ጆሴፍ መጀመሪያ የሰጧት ትልቅ መሣሪያ እንዳልነበረ ተረዳን። የሰጧት ጊዜያቸውን ነበር።

ከዘንድሮ ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት የቢሮው በር ለጥያቄ ብቻ ክፍት ይሆናል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አዘጋጅተናል። የራሃድን ጥቁር አሸዋ በወረቀት ላይ ዘርግተን ማግኔቱን ስናስጠጋው የሚዘለው ማግኔታይት ነው። ሳይዘል ከሚቀረው ጥቁር ቅንጣት ውስጥ ኢልሜናይት ሊኖር ይችላል። ራሃድ በአገራችን ሽንፋ ተብሎ ከጣና ምዕራብ የሚነሣ ወንዝ ነው፤ የደጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይም እነዚህን የብረት ማዕድናት የያዘ ነው። ዛሬ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ስፔክትሮሜትር በአሸዋው ውስጥ ብረትና ቲታኒየም መኖራቸውን በደቂቃዎች ይናገራል። እሱ እስኪገኝ በማግኔት፣ በውኃና በሚዛን የሚታወቀውን እናውቃለን። ሸብም ገዝተናል፤ ክሪስታሉን ልጆቹ ራሳቸው ያበቅላሉ።

ለወላጆች አንድ ልመና አለን። በየዓመቱ ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል የሚቀሩብን ሴት ልጆች ይበዛሉ። ዕድሜያቸው ዶሮቲ ካርቱም ላይ አሸዋ ታጥብ በነበረበት ዕድሜ ላይ ነው። የሰሊጥ አጨዳው፣ ውኃው፣ ታናናሾቹ፣ የኑሮው ክብደት አይጠፋንም። ቢሆንም ልጅቱን ከማስቀረታችሁ በፊት መጥታችሁ አነጋግሩን፤ ሰዓቱን እናቻችላለን።

ብልቃጥ ይዛ ለመጣችው ተማሪያችን ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ያን ቀን ጥፋቱ የእኛ ነበር። ይቅርታ እንጠይቅሻለን። ወንዙ ዘንድሮም ይጎድላል፤ አሸዋውም እዚያው ይገኛል። ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን።